ሎሚው ስር የተቀበረ ሚስማር፦ ተክል ብረትን ከብረት እንዴት ይለያል?

እኛ ሰፈር ሳቢያን፣ ከግቢያችን ግንብ ወዲያ ማዶ አንድ የሎሚ ዛፍ አለ። ባለቤቱ ጎረቤታችን ናት፣ በእድሜ እናቴን ትበልጣለች ግን ድሬ ላይ አንቱታ ስለማይበዛ አንቺ ነው የምላት፣ የሌላ አገር ሰው ሲሰማ ይደነግጣል። ሎሚው አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ሁሉ ቢጫ እየሆነ ሲመጣ አንድ የግብርና ባለሙያ በሰፈሩ ሲያልፍ አየውና "ብረት አጥሮታል" ብሏት ሄደ። በቃ፣ ይቺን ብቻ። እሷ ደሞ ነገር ሰምታ ዝም ብላ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም፣ የዛገ ሚስማር፣ የተሰበረ ጓጉንቸር፣ የድሮ ቆርቆሮ ቁራጭ፣ ያገኘችውን ሁሉ ለቃቅማ ስሩን ቆፍራ ቀበረችው። ስምንት ወር ጠበቀች፣ ሎሚው ባሰበት።

"አቦ አንተ ባዮሎጂ ተማርኩ ትላለህ፣ ና እስቲ እየው" አለችኝ። "ብረት አጥሮታል አሉኝ፣ አንድ ጆንያ ብረት አበላሁት፣ ከዚህ በላይ ምን ላድርገው፣ ባቡር ልቅበርለት?"

ስቄ ስቄ ቤት ስገባ ግን ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። ስለምንበላው እህልና አትክልት የሚወራውን አያችሁት አይደል፣ አንዱ ወገን "ምግባችን አይረን የለውም፣ ዚንክ የለውም" ይላል፣ ሌላው ወገን "ሰላጣው መርዝ ነው፣ ካድሚየም አለው፣ ሊድ አለው" ይላል፣ እና ሁለቱ ምንም የማይገናኙ ወሬዎች ይመስላሉ። እኔ የምለው አንድ ወሬ ናቸው ነው። ተክሉ ውስጥ የሚጠቅመውን ብረት የሚይዘውም የሚጎዳውን ሳያውቅ የሚያሳልፈውም አንድ አይነት ነገር ነው፣ ፕሮቲን ላይ የተሰፋ ትንሽዬ ኪስ። ኪሱ ከገባን ሎሚውም ሰላጣውም ይገባናል።

መጀመሪያ ግን የቃል ጣጣ አለብን። አማርኛ ብረት ሲል ሁለት ነገር ነው የሚለው፣ አንዱ ሚስማር የሚሰራበት አይረን ነው፣ ሌላው ደሞ ጠቅላላ ዘሩ ነው፣ መዳብ በሉት ዚንክ በሉት ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ ካድሚየም፣ ሊድ። ከዛ ላይ ብረት ሲባል ጭንቅላታችን ውስጥ የሚመጣው የሚጨበጥ ጠጣር ነገር ነው። ተክል ጠጣር አይበላም፣ እሱ የሚፈልገው ውሃ ውስጥ የሟሟ፣ ኤሌክትሮን የጎደለው፣ ቻርጅ ያለው ነጠላ አቶም ነው፣ አዮን የሚባለው። ባለሙያው "ብረት አጥሮታል" ሲል አዮኑን ማለቱ ነበር፣ እሷ የሰማችው ሚስማሩን ነው፣ ማንም አማርኛ ተናጋሪ የሚሰማው እሱን ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ላይ አይረንን አይረን፣ ዘሩን በጅምላ ብረት እለዋለሁ፣ እንዳንደናገር።

እንግዲህ ሚስማሩ ለምን አልሰራም ለሚለው፣ አይረን መሬት ውስጥ ብርቅ አይደለም እኮ፣ ከምድር ቅርፊት ክብደት 5 በመቶ ገደማው አይረን ነው፣ በብዛት 4ኛ። ሎሚው የተራበው ድግስ መሀል ተቀምጦ ነው። ችግሩ የድሬ አፈርና ውሃ ኖራ የበዛበት መሆኑ ነው፣ ይሄን ደሞ ድሬ የኖረ ሰው ላብራቶሪ ሳይሄድ ያውቀዋል፣ የሻይ ማንቆርቆሪያህን ክዳን ክፈትና ውስጡን እየው፣ ያ ሆምጣጤ ካልፈሰሰበት የማይለቀው ነጭ ቅርፊት ካልሲየም ካርቦኔት ነው፣ ከከተማዋ ዙሪያ ካለው የኖራ ድንጋይ እየሟሟ የመጣ። ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚህ ሊቆም የቻለውም ይሄው ድንጋይ ስላለ ነው። ኖራ የበዛበት አፈር ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ከፍ ሲል አሲዱ ቀነሰ ማለት ነው) ወደ 8 ይጠጋል፣ እዛ ላይ አይረን ዝገት ሆኖ ይቀመጣል እንጂ አይሟሟም። ፒኤች በ1 ከፍ ባለ ቁጥር የሚሟሟው አይረን በ1,000 እጥፍ ይቀንሳል። በሺህ! ሚስማር መቅበር ማለት ዝገት ላይ ዝገት መጨመር ነው፣ ከቧንቧ የምታጠጣው ውሃ ደሞ ባይካርቦኔቱን ይዞ እየመጣ ነገሩን ያባብሰዋል።

ከሎሚው ላይ ሁለት ቅጠል ቀጥፌ መስኮት ላይ ለብርሃን ያዝኳቸው። ከጫፍ የቀጠፍኩት አዲሱ ቅጠል ወረቀት የመሰለ ቢጫ ነው፣ ግን ደም ስሮቹ አረንጓዴ ናቸው፣ ቀጫጭኖቹ ሳይቀሩ፣ የወንዝ ካርታ ነው የሚመስለው። ከታች የቀጠፍኩት አሮጌ ቅጠል ግን ጥቁር አረንጓዴ ነው፣ ምንም አልሆነም። ምልክቱ ይሄ ነው። ናይትሮጅን ወይም ማግኒዚየም ቢሆን ያጠረው ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል አውጥቶ ለአዲሱ ያጎርሰው ነበር፣ ቢጫነቱም ከታች ይጀምር ነበር። አይረን አንዴ ቅጠል ውስጥ ከተቀመጠ በቀላሉ አይነሳም፣ ስለዚህ የሚራበው ልጁ ነው። ልብ በሉ፣ አረንጓዴ ቀለሙ ክሎሮፊል መሀሉ ላይ ያለው ማግኒዚየም እንጂ አይረን አይደለም፣ ግን ክሎሮፊልን ከሚሰሩት ኤንዛይሞች አንዱ ሁለት የአይረን አቶም ካልጨበጠ እጁን አያነሳም። ቅጠል ውስጥ ካለው አይረን 80 በመቶ ገደማው ክሎሮፕላስት፣ ፎቶሲንተሲስ የሚካሄድበት የሴሉ ክፍል፣ ውስጥ ነው ያለው፣ ፎቶሲስተም አንድ የሚባለው ማሽን ብቻውን 12 የአይረን አቶም ይዟል። ጎረቤቱ ፎቶሲስተም ሁለት ደሞ 4 ማንጋኒዝና 1 ካልሲየም ከ5 ኦክስጅን ጋር አሰናስሎ ውሃን ይሰነጥቃል፣ ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ2011 አቶም በአቶም ቁልጭ አድርገው ያሳዩት እሱን ነው፣ የምንተነፍሰው ኦክስጅን የሚወጣው ከዛች ኩርማን ብረት ነው። በጅምላ ሲገመት ከፕሮቲኖች ሲሶ የሚሆኑት ብረት ካልያዙ አይሰሩም።

አሁን ወደ ኪሱ። ፕሮቲን ማለት አሚኖ አሲድ እንደ ሙስበሃ ዶቃ ተሰክቶ ከዛ የተጣጠፈ ክር ነው። ከረጅሙ ክር ላይ ለብቻው ተጣጥፎ የራሱን ስራ የሚሰራው ክፍል ዶሜይን ይባላል። ሀረር የልብስ ሰፊዎቹ መንደር መኪና ግርግር የገባ ሰው ይሄ ይገባዋል፣ ሰፊው አንዴ የተካነውን ኪስ ሸሚዝ ላይም ሱሪ ላይም ኮት ላይም ይሰፋዋል፣ ልብሱ ይለያያል ኪሱ ያው ነው። ተፈጥሮም ብረት መያዣ ኪሱን እንደዛው ሙያው በማይገናኝ ፕሮቲን ሁሉ ላይ ሰፍታዋለች። ኪሱ ውስጥ ብረቱን የሚጨብጡት ደሞ በብዛት ሁለት አይነት ዶቃዎች ናቸው፣ አንዱ ሲስቲን ነው፣ ጫፉ ላይ ሰልፈር ያለው፣ ሌላው ሂስቲዲን ነው፣ በናይትሮጅኑ የሚይዝ። ሰልፈር መዳብን፣ ዚንክንና ካድሚየምን ሲያገኝ ይጣበቃል። አይረን ደሞ እንደ ሁኔታው ኦክስጅንም ናይትሮጅንም ሰልፈርም ይስማማዋል።

በጣም የታወቀው ኪስ ዚንክ ፊንገር የሚሉት ነው፣ የዚንክ ጣት። እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ ውስጥ አሮን ክሉግና ባልደረቦቹ የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ ካለ ፕሮቲን ላይ ነው ያገኙት፣ 30 ገደማ አሚኖ አሲድ፣ ሁለት ሲስቲን፣ ሁለት ሂስቲዲን፣ መሀላቸው አንድ የዚንክ አቶም። እዚህ ዚንኩ ራሱ ምንም ስራ አይሰራም፣ እንደ ቁልፍ ሆኖ ክሩን አጣጥፎ ይይዘዋል፣ የታጠፈው ጣት ሄዶ ዲኤንኤ ላይ ያርፍና ጂን ያበራል ያጠፋል። ተክሎች ይሄን ወደውታል፣ አበባ ሲሰራ፣ ድርቅ ሲመጣ፣ ጨው ሲበዛ ትእዛዝ የሚሰጡ ብዙ ፕሮቲኖች ባለ ዚንክ ጣት ናቸው። ዚንክ ያጠረው በቆሎ የሚቀጭጨው ሌላ ምክንያትም አለው ግን የትእዛዙ መስመር መላላቱም አንዱ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ኤችኤምኤ የሚባለው ነው፣ ከሄቪ ሜታል (ከከባድ ብረት) ጋር የሚሰራ ዶሜይን ማለት ነው ስሙ። 70 ገደማ አሚኖ አሲድ ነው፣ ከፊቱ ሁለት ሲስቲን በሁለት ሌላ ዶቃ ተለያይተው ይቀመጣሉ፣ ሁለት ጣት እንደማለት፣ ጥፍር ላይ ያለች አሸዋ ለመያዝ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እንደምናጋጥመው። መዳብን በዚህ ይይዛትና ለሚቀጥለው ፕሮቲን ያቀብላታል፣ የሚቀጥለውም ሁለት ጣት አለው፣ ከእጅ ወደ እጅ። መዳብ ለብቻዋ አትለቀቅም። ለምን ቢባል መዳብ ክፉ ናት፣ ኬሚስቶች ኢርቪንግና ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1953 ያስቀመጡት ቅደም ተከተል አለ፣ ከማንጋኒዝ ጀምሮ አይረን፣ ኮባልት፣ ኒኬል እያለ ሲሄድ ብረቱ ኪስ ላይ የሚጣበቅበት ኃይል እየጠነከረ መጥቶ መዳብ ላይ ጣሪያ ይነካል፣ ከዛ ዚንክ ላይ ይወርዳል። ትርጉሙ ምን መሰላችሁ፣ ኪሶቹን ሁሉ ብረት ሁሉ ባለበት ሾርባ ውስጥ ብትነክራቸው ብዙዎቹ መዳብ ይዘው ነው የሚወጡት፣ የአይረኑም የማንጋኒዙም ኪስ ሳይቀር።

እዚህ ጋ ነው ዋናው ነጥብ። ኪሱ ብረቱን አያውቀውም። መጠኑንና ቻርጁን ይዳስሳል፣ የሚመቸውን ይይዛል፣ በቃ። "ይሄ ዚንክ ነው፣ ይሄ ካድሚየም ነው" ብሎ የሚያነብበት አይን የለውም። ታዲያ ሴሉ እንዴት ነው የማይቀውሰው? መልሱ ኪሱ ላይ የለም፣ አስተዳደሩ ላይ ነው ያለው፣ ማን የት እንዲገባ፣ በማን እጅ እንዲሄድ፣ ምን ያህል እንዲለቀቅ የሚወሰንበት ነው። እርሾ ላይ እ.ኤ.አ. በ1999 የተሰራ ስሌት አለ፣ አንድ ሴል ውስጥ ለብቻው የሚንሳፈፍ የመዳብ አዮን በአማካይ ከአንድ ያነሰ ነው፣ ሁሉም በአጃቢ ነው የሚሄደው። ተክል ውስጥም አጃቢዎቹ ያው ባለ ኤችኤምኤ ኪሶች ናቸው፣ ከክሎሮፕላስት ቅጥር ላይ ያሉ ፓምፖች ተቀብለው ወደ ውስጥ ያስገቧትና ፕላስቶሳያኒን የሚባለው ፕሮቲን ላይ ተሰክታ የፎቶሲንተሲስን ኤሌክትሮን ታመላልሳለች። ሌላ ፓምፕ ደሞ መዳቧን የኤትሊን መቀበያ ላይ ይሰካታል። ኤትሊን ማለት ማንጎ የሚያበስለው ጋዝ ነው፣ መቀበያው ያለ መዳብ ጋዙን አይሰማም። ጓዳ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅልለን ያስቀመጥነው ማንጎ መብሰሉን የሚያውቀው አንድ አቶም መዳብ በትክክለኛው ሰው እጅ ስለደረሰች ነው።

ከአፈሩ ወደ ስር የሚገባበት በር ጋ ስንመጣ ነገሩ የኛን ኬላ ይመስላል። ደንገጎን ወጥቶ ወርዶ የማያውቅ የድሬ ልጅ የለም፣ ኬላ ላይ ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶ ሻንጣ የሚፈተሽበትንም ያውቃል። ሎሚ፣ አተር፣ ቲማቲም፣ ባጭሩ እንደ ሳር ያልሆኑት ተክሎች አይረን ሲርባቸው ሶስት ነገር ያደርጋሉ፣ ስራቸው አሲድ ያፈስና አካባቢውን ለማሟሟት ይሞክራል፣ ከዛ አንድ ኤንዛይም የዛገውን አይረን ኤሌክትሮን ሰጥቶ ሊገባ የሚችል ያደርገዋል፣ ከዛ አይአርቲ-1 የሚባል በር ይከፈታል። በሩ እ.ኤ.አ. በ1996 ነው የተገኘው። ጣጣው አይአርቲ-1 ለአይረን ተብሎ ቢከፈትም ዚንክ፣ ማንጋኒዝ፣ ኮባልትና ካድሚየምም ያልፉበታል። ተክሉ አይረን በተራበ ቁጥር በሩ ይበዛል፣ በሩ በበዛ ቁጥር ኮንትሮባንዱ አብሮ ይገባል። አይረን የተራበ አተር ካድሚየም አብዝቶ እንደሚስብ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። መጀመሪያ ላይ ሁለቱ አንድ ወሬ ናቸው ያልኩት ለዚህ ነው፣ የረሃቡ ወሬና የመርዙ ወሬ የሚገናኙት በዚህ በር ላይ ነው።

ደሞ ፈታሽ የለውም እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ፈረንሳይ ያሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ስራ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ በሩ ከውስጥ በኩል በሂስቲዲን የተሞላ የክር ቀለበት አለው፣ ዚንክና ማንጋኒዝ ከልክ በላይ ገብተው እዛ ቀለበት ላይ ሲጣበቁ ሌላ ኤንዛይም መጥቶ ምልክት ያደርግበታል፣ ከዛ ሌላኛው "ይወገድ" የሚል ማህተም ይመታበትና በሩ ራሱ ተነቅሎ ይፈጫል። በር ሆኖ ፈታሽም የሆነ ፕሮቲን ነው። ያ ቀለበት ብረት መያዣ ኪስ ነው፣ ግን ሊጠቀምበት ሳይሆን ሊቆጥረው ነው የሚይዘው። ብረት ያዥ ዶሜይን ሲባል ሁሉም ለስራ መሳሪያ የሚመስለን እኮ ስህተት ነው፣ አንዳንዱ ሚዛን ነው።

ኮንትሮባንዱ ከገባ በኋላስ? ካድሚየም ከዚንክ ጋር በፔሪዮዲክ ቴብል አንድ ዓምድ ላይ፣ ከስሩ ነው ያለው፣ ሰልፈር ላይ ደሞ ከዚንክ በላይ ይጣበቃል። የዚንክ ኪስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ስራውን ግን አይሰራውም። (ለጨዋታ ያህል፣ አንድ የባህር ዳያተም (በአይን የማይታይ አልጌ) አለ፣ ዚንክ ሲያጣ ካድሚየምን አስገብቶ ኤንዛይሙን የሚያሰራ፣ የታወቀው እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል፣ እናንተ ቤት እንዳትሞክሩት።) ተክሉ ዝም ብሎ አያይም፣ ሲስቲን የበዛባቸው አጫጭር ክሮች ይፈትላል፣ ፋይቶኬላቲን የሚባሉ፣ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1985 ያገኟቸው፣ ካድሚየሙን ራሱ ቆስቋሽ አድርገው ነው የሚሰሩት። ሜታሎቲዮኒን የሚባሉም አሉ፣ መጀመሪያ የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1957 ከፈረስ ኩላሊት ነው ግን ተክልም አለው። ከዛ ኤችኤምኤ-3 የሚባለው ፓምፕ ስሩ ውስጥ ባለው ቫኪዩል፣ ማለትም የሴሉ ጓዳ ውስጥ አስገብቶ ይዘጋበታል። ኤችኤምኤ-2 እና ኤችኤምኤ-4 ደሞ ተቃራኒውን ይሰራሉ፣ ዚንክ ለቅጠልና ለፍሬ እንዲደርስ ወደ ላይ የሚወስደው ቧንቧ ላይ ይጭናሉ፣ ካድሚየሙም አብሮ ይጫናል። ማን ያሸንፋል የሚለው ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፣ ኤችኤምኤ-3ቱ የተበላሸበት ሩዝ ፍሬው ላይ ካድሚየም ያበዛል። ጃፓን ቶያማ ውስጥ በጂንዙ ወንዝ የጠጣ ሩዝ የበሉ ሰዎች አጥንታቸው እየተሰበረ "ኢታይ ኢታይ" እያሉ ሲጮሁ፣ "አመመኝ አመመኝ" ማለት ነው፣ ከላይ ካለው ማዕድን ማውጫ የወረደው ካድሚየም መሆኑን መንግስት ያመነው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ካድሚየም ሰው ኩላሊት ውስጥ አንዴ ከገባ ግማሹ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። ትምባሆ ቅጠሉ ላይ የሚያከማች ተክል ስለሆነ የሚያጨስ ሰው ደሙ ውስጥ ካድሚየም ከማያጨሰው በእጥፍ ድርብ ይበልጣል፣ ይሄን ሲጋራ ይዞ ስለ ሰላጣ መርዝነት ለሚያስረዳኝ ጓደኛዬ ነግሬዋለሁ፣ አልሰማኝም።

ቀፊራ ገበያ ሄጄ ሰላጣና ቆስጣ ስገዛ ሁሌ የሚገጥመኝ ጥያቄ አለ፣ "ሎሚ ጨምቀህ ዘፍዝፈው፣ ሄቪ ሜታሉን ያወጣዋል" የሚል። ኪሱን ካየነው መልሱ ቀላል ነው። ሊድ በአብዛኛው አቧራ ሆኖ ቅጠሉ ላይ ነው የሚያርፈው፣ ከአፈር የሚገባውም ብዙው ስር ላይ ይቀራል፣ ስለዚህ በደንብ ማጠብ ይጠቅማል፣ በጣም ይጠቅማል፣ ጫቱንም ጨምሮ። ካድሚየም ግን ቅጠሉ ውስጥ፣ ሴሉ ውስጥ፣ ጓዳው ውስጥ፣ በሲስቲን ክር ተጠፍሮ ነው ያለው፣ እሱን ሎሚም ሆምጣጤም ቤኪንግ ፓውደርም አያወጣውም። እዛ ጋ የሚያዋጣው ውሃውና አፈሩ ከመነሻው መለካቱ ብቻ ነው። ኮዴክስ የሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ ለቅጠላ ቅጠል የሚፈቅደው ካድሚየም በኪሎ 0.2 ሚሊግራም ነው፣ ይህንን በአይን ወይ በሽታ ወይ በጣዕም መለየት አይቻልም፣ በካድሚየም የጠገበ ሰላጣ ለምለም ሆኖ ሊያምር ይችላል።

አሁን አንድ ነገር በግልፅ ልበል፣ ማስፈራራት አልፈልግም። የኛ ኖራማ አፈር አይረንን እንደሚቆልፈው ሁሉ ካድሚየምንም ሊድንም ይቆልፋል፣ ፒኤቹ ከፍ ባለ ቁጥር እነሱም አይሟሙም። ሚስማሩን ጥቅም አልባ ያደረገው ያው ኖራ በሌላ በኩል ጠባቂያችን ነው። ስለዚህ በኔ ግምት ለድሬና ለአካባቢዋ ሰፊው ችግር መርዙ ሳይሆን ረሃቡ ነው፣ አይረኑና ዚንኩ አፈር ውስጥ ሞልቶ ተክሉ ጋ አለመድረሱ። የፋብሪካና የከተማ ፍሳሽ ባለበት ውሃ የሚጠጣ ማሳ ግን ይለያል፣ እዛ አሲድ ያለው ፍሳሽ ከመጣ ቁልፉ ይከፈታል፣ አዲስ አበባ አቃቂ ወንዝ ዳር የሚበቅል አትክልት ላይ ለዓመታት ሲጠና የቆየው የሄቪ ሜታሉ ነገር ነው። ሁለቱን ቀላቅሎ "አትክልት አትብሉ" ማለት ደሃውን ቆስጣ ማስቀረት ነው።

ማሽላችንና በቆሎአችን ደሞ የሳር ወገን ስለሆኑ ሌላ ዘዴ ነው ያላቸው። አሲድ አያፈሱም፣ በሩንም እንደዛ አይከፍቱም፣ ስራቸው አይረንን አቅፎ የሚያሟሟ ሞለኪውል ወደ አፈሩ ይልካሉ፣ ተልኮ ይዞት ይመጣል፣ ሁለቱንም አብረው ያስገቧቸዋል። ጃፓኖች መጀመሪያ ከገብስ ስር ስላገኙት በነሱ ቋንቋ ገብስ ከሚለው ቃል ሙጂኔይክ አሲድ አሉት። ገብስ በዚህ ቀዳሚ ነው፣ ማሽላ ግን የሚልከው ጥቂት ነው፣ ለዛ ነው ማሽላ ኖራማ መሬት ላይ ሲወጣ ለጋ ቅጠሉ ነጭና አረንጓዴ ሸንተረር ይዞ የምናየው። አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቻይና ውስጥ ኖራማ መሬት ላይ ለውዝ ለብቻው ሲዘራ ቢጫ ይሆናል፣ ከበቆሎ ጋር አሰባጥረው ሲዘሩት ግን አረንጓዴ ሆኖ ያድጋል፣ በቆሎው የላከው መልእክተኛ ያሟሟውን አይረን ለውዙም ይቋደሳል። የሐረርጌ ገበሬ ማሰባጠርን ማንም ሳያስተምረው ሲሰራበት የኖረ ነው። የባቢሌ ለውዝ አሸዋማ መሬት ላይ ስለሆነ ልክ ያው ታሪክ ነው ብዬ አልልም፣ ግን ኖራ ያለበት ቀበሌ ላይ ማሳ ያለው ሰው ሁለት መስመር ሞክሮ ማየቱ ምንም አያስከፍለውም።

እህሉ ውስጥ የሚገባው መጠን ከቦታ ቦታ ምን ያህል እንደሚለያይ ደሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር መፅሔት ላይ የወጣ፣ የኛ አገር ተመራማሪዎች የመሩት የኢትዮጵያና የማላዊ ጥናት በካርታ አሳይቷል፣ ካልሲየም፣ አይረን፣ ሴሊኒየምና ዚንክ፣ ያው ጤፍ ያው በቆሎ ሆኖ የበቀለበት መሬት ሲቀየር ይቀየራል። ጤፍ አይረን ሞልቶታል የሚባለውን በተመለከተ አትሳቁብኝ፣ ጥሩ ድርሻው ከአውድማ የተደባለቀ አፈር ነው፣ ሆዳችን ብዙም አይጠቀምበትም። ፍሬ ውስጥ የገባውም ፋይቲክ አሲድ በሚባል ሌላ ያዥ ተጠፍሮ ነው የሚቀመጠው፣ ፕሮቲን አይደለም ግን ዚንክና አይረንን ጨምድዶ ይይዛል፣ አንጀታችን አያስለቅቀውም። እዚህ ላይ ነው እርሾ ዋጋ ያለው፣ ሊጡ ሁለት ሶስት ቀን ሲቦካ ፋይቲኩ ይሰባበራል። የማሽላ እንጀራና በደንብ የቦካ ላሆህ (የሶማሌው ስስ እንጀራ) ከቂጣ የሚሻሉት ለዚህ ነው፣ ቶሎ እንዲደርስ ብሎ በፓውደር አስነፍቶ መጋገር ግን መልኩን እንጂ ስራውን አይሰጥም።

ይሄ ኪስ ለበሽታም ይውላል፣ እሱን በአጭሩ ልበልና ልለፍ። ሩዝን የሚያጠፋው ብላስት የሚባል ፈንገስ ተክሉ ላይ ከሚረጫቸው ፕሮቲኖች አንዳንዶቹ የሚነክሱት የኤችኤምኤ ኪስ ያላቸውን ፕሮቲኖች ነው። ሩዙ ምን አደረገ፣ ያንን ኪስ ቀድቶ የበሽታ ጠባቂ ፕሮቲኑ ላይ ማጥመጃ አድርጎ ሰፋው፣ ፈንገሱ ሊነክስ ሲመጣ ማንቂያው ይጮሃል። አወቃቀሩ እ.ኤ.አ. በ2015 ታይቷል፣ አሁን ማጥመጃውን እየቀየሩ አዲስ ጠባቂ ለመስራት እየሞከሩ ነው። ይሄ ሁሉ ድሮ የሀብታም አገር ላብራቶሪ ጨዋታ ነበር፣ እ.ኤ.አ. የ2024ን የኬሚስትሪ ኖቤል ያስገኘው አልፋፎልድ፣ የፕሮቲንን ቅርፅ የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ ርቀቱን ግን በጣም አሳጥሮታል፣ የማሽላን ፕሮቲን ቅርፅ ስልክህ ላይ በነፃ ከፍተህ ሲስቲኖቹ የት እንደተሰባሰቡ ታያለህ። የመጀመሪያዎቹ ስሪቶች ብረቱን አያሳዩም ነበር፣ ባዶ ኪስ ነው የሚያሳዩህ፣ ብረቱን አንተ ነህ የምትገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 3ኛው ነው አዮኑን ጨምሮ መገመት የጀመረው። መብራት ካልጠፋ ማለቴ ነው።

ሎሚውን ረስቼው አይደለም። ለኖራማ አፈር የሚሆነው የአይረን ኬሌት፣ አይረኑን አቅፎ እንደሟሟ የሚያቆየው ውህድ፣ ኢዲዲኤችኤ የሚባለው ጥቁር ቀይ ዱቄት ነው፣ ፒኤች 8 ላይ አይረኑን አይለቅም፣ ርካሹ ኢዲቲኤ ግን ከ6.5 በላይ ይዘረግፈዋል። ቀዩን ድሬ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት፣ ያለው ርካሹ ነው፣ ሻጩም ልዩነቱን አያውቀውም። ስለዚህ ፌረስ ሰልፌት፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የአይረን ጨው፣ ገዝተን በጣም አቅጥነን በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ በእጅ መርጫ ቅጠሉ ላይ ነፋንበት፣ አፈሩን ዘለነው ማለት ነው። በሳምንቱ ጠራችኝ። ቢጫው ቅጠል ላይ ጠብታው ያረፈበት ቦታ ብቻ አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆኗል፣ ቅጠሉ ኩፍኝ የያዘው ይመስላል፣ ጠብታው ያልነካው ቢጫ እንደሆነ ቀርቷል። "ይሄ ምንድነው ደሞ፣ ነብር አደረከው" አለችኝ። ደጋግመን ስንረጭ ነጠብጣቡ ተያያዘ፣ አዲስ የሚያወጣው ቅጠል ግን አሁንም ቢጫ ነው፣ በየጊዜው መርጨት ሊኖርብን ነው። ሚስማሩን ቆፍራ አወጣችው፣ ጓጉንቸሩ እንደነበረ ነው፣ ቆርቆሮው በእጅ ሲነካ ይፈርሳል፣ ባለፈው ቅዳሜ ቆራሌው መዝኖ ወሰደው።